አንድ ሰዓት የነበረው መንገድ

ሳይማ በሄልሲንኪ አውሮፕላን ማረፊያ ከሃያ ዓመት በላይ የአውሮፕላን ሆድ ስትጠርግ ኖራለች። መንገደኛው ወርዶ ሌላው እስኪሳፈር ባለችው ጠባብ ፋታ ከባልደረቦቿ ጋር ተንደርድራ ትገባለች፤ ቀበቶውን ታስተካክላለች፣ ከወንበር ኪስ ውስጥ ቆሻሻ ትለቅማለች፣ ምንጣፉን ጠርጋ ትወጣለች። አውሮፕላኑ ከየት እንደመጣ ማንንም ሳትጠይቅ ታውቅ ነበር። ከስፔን የመጣው አሸዋ ይተዋል፤ ከለንደን የመጣው ጋዜጣ ይተዋል። ከፒተርስበርግ የመጣው ግን ንጹሕ ነው፤ ሰዉ ለማቆሸሽ ጊዜ አያገኝማ።

«ይሄ እኮ በረራ አይደለም፤ ዝላይ ነው» ትል ነበር አብራት የምትሠራው ኢስቶኒያዊቷ ዩሌ። «ወጣ ይላል፣ ወረድ ይላል፤ በቃ።»

እውነቷን ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። አስተናጋጆቹ ጭማቂውን አድለው ሳይጨርሱ ባዶውን ብርጭቆ መሰብሰብ ይጀምራሉ። አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ። ሳይማ ያንን አውሮፕላን ከሌሎቹ አብልጣ የምትወደው ግን ለሥራ ስለሚቀላት ብቻ አልነበረም። በዚያኛው ጫፍ እህቷ ነበረች።

ሳይማና ታላቋ ሂልያ የተወለዱት ከፒተርስበርግ ወጣ ብላ በምትገኘው በጋችና ነው። ወገናቸው ኢንግሪያውያን የሚባሉት፣ በዚያ አገር ከጥንት ጀምረው ፊንላንድኛ እየተናገሩ የኖሩት ናቸው። ከሩሲያው ዘንድ «ፊኖች» ይባላሉ፤ ፊንላንድ ሲገቡ ደግሞ «ሩሲያዎች» ይባላሉ። እናታቸው በልጅነቷ ከነቤተሰቧ ወደ ሳይቤሪያ ተግዛ፣ ግማሹን ቤተሰብ እዚያው ቀብራ የተመለሰች ሴት ነበረች። ከዚያ በኋላ በቤታቸው አንድ ሕግ ነበር፤ ፊንላንድኛ የሚወራው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው፣ ያውም በሹክሹክታ። ሁለቱ እህቶች እስከ እርጅናቸው ድረስ በዚያ ቋንቋ ጮክ ብለው መጣላት አይሆንላቸውም ነበር። ሲጣሉ በሩሲያኛ፣ ሲታረቁ በፊንላንድኛ።

የድሮው የሶቪየት መንግሥት ወድቆ ፊንላንድ «ወገኖቼ ኑ» ብላ በሯን ስትከፍት፣ ሳይማ ባሏን የፈታች፣ ትንሹን ልጇን ሚኮን ይዛ የምትንገላታ ሴት ነበረችና ቶሎ ብላ ተመዘገበች። እህቷን ለመነቻት።

«ነይ አብረን እንሂድ፣ እትዬ።»

«ጌናዲን ምን ላድርገው?» አለች ሂልያ። ጌናዲ ሩሲያዊው ባሏ ነው። «ፊንላንድኛ ብትይው የሚያውቀው ቮድካ የሚለውን ቃል ብቻ ነው።»

«እሱማ ሩሲያኛ ነው!»

«እይው እንግዲህ፤ አንዱንም አያውቅም ማለት ነው።»

ተሳስቀው ተለያዩ። መለያየት የሚሉት ነገርም አልነበረም። ሳይማ በዓመት አራት አምስት ጊዜ ትመላለስ ነበር። እናታቸው ያረፈች ቀን ሂልያ በጠዋት ደወለች፤ ሳይማ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ኮት ደርባ ወጣችና ከቀትር በኋላ በጋችናው ኩሽና ቆማ ከእህቷ ጋር የእናቷን ሬሳ አጠበች። ያን ጊዜ ይህ ማንንም አያስደንቅም ነበር። እህት ሞት ሰምታ ከመምጣት ሌላ ምን ታደርጋለች?

ሂልያ አንዲት ልጅ ነበረቻት፣ ሊዩባ። ሊዩባም በጡት ሕመም በለጋነቷ ተቀጨችና የአምስት ዓመት ልጇን ስላቫን ለአያቱ ትታ ሄደች። ጌናዲም ብዙ አልቆየም፤ ተከተላት። ከዚያ በኋላ ሂልያ የቀራት ስላቫ ነው። እሱን አሳድጋ፣ እሱን አብልታ፣ እሱን ተቆጥታ ነው የኖረችው። በየበጋው ልጁን አንገቱ ላይ ስሙ የተጻፈበት ካርድ ተንጠልጥሎለት፣ ለአስተናጋጆች አደራ ተሰጥቶ፣ ብቻውን በዚያች የአንድ ሰዓት አውሮፕላን ወደ ሳይማ ትልከው ነበር። ሳይማ መጥረጊያዋን እንደያዘች በአውሮፕላኑ በር ላይ ትረከበዋለች።

«ሆድህ ተረበሸ እንዴ፣ የኔ ጌታ?»

«መች ተነሣንና፣ አክስቴ! ብስኩቴን እንኳ አልጨረስኩም።»

ዋና ያስተማረችው እሷ ናት፤ በምትኖርበት በቫንታ ዳር ባለው በኩሲያርቪ ሐይቅ፣ ሆዱን በመዳፏ ደግፋ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ውኃ የሚፈራ ልጅ ነበር። አንድ ቀን እጇን ሳያውቅ ከሥሩ አወጣችና ብቻውን ተንሳፈፈ። ዞሮ ሲያያት ርቃ ቆማለች። መጀመሪያ በድንጋጤ ጮኸ፤ ቀጥሎ ግን እየጮኸ መዋኘቱን ቀጠለ።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው መጣ። ያ የመጨረሻው በጋ ነበር። ቁመቱ በሩን ሞልቶታል፣ ድምፁ ጎርንኗል። ሳይማ ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ወራት ቀርተዋታል፤ ቤቷ ባለ አንድ ክፍል ነው፤ ሚኮም ሚስቱ አባራው ሶፋዋ ላይ እየተኛ ነበር። ልጁ አንድ ማታ ሳህን እያጠበ ጀርባውን እንደሰጣት ጠየቃት።

«አክስቴ፣ እዚሁ ብቀርስ?»

«እንዴት ብለህ ነው የምትቀረው?»

«ሥራ እይዛለሁ፤ አውሮፕላንም ቢሆን እጠርጋለሁ። ጋችና ውስጥ ምንም የለም። ጓደኞቼ ወይ ይጠጣሉ ወይ ወታደር ይሆናሉ።»

ሳይማ ሚኮ የተጋደመበትን ሶፋ አየች። የተከመረውን ልብስ አየች። «ለከርሞ ይሁን» አለችው። «እስከዚያ ቋንቋውን ትንሽ አጥና፤ ሚኮም ቤት ያገኛል። ለከርሞ ትመጣለህ።»

«እሺ፣ ለከርሞ» አለ ስላቫ። ሳህኑን አድርቆ በቦታው አስቀመጠ።

ከርሞ ኮሮና የሚሉትን በሽታ ይዞ መጣ፤ ዓለም ሁሉ በሩን ዘጋ። በሽታው ረገብ ሲል ደግሞ የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ተነሣ። በዚያ የካቲት በረራው ቆመ። ከአንድ ወር በኋላ ባቡሩም ቆመ። ቀጥሎ በየብስ ያሉት የድንበር በሮች አንድ በአንድ ተዘጉ። ሳይማ ዜናውን ስትሰማ መጀመሪያ አላመነችም ነበር። «እንዲህማ አይቆይም» አለችው ለሚኮ፤ «ሰው እኮ ከወዲህና ከወዲያ ተዋልዷል።» ሚኮ ግን የሚነዳውን አውቶቡስ ቁልፍ እጁ ላይ አሽከረከረ።

ያም ሆኖ ስልክ ነበር። በየሳምንቱ እሑድ ይደዋወሉ ነበር። ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ድንች፣ ስለ ጎረቤት ያወራሉ። ስለ ጦርነቱ አያነሱም። ሂልያ አንድ ቀን ስላቫ ለውትድርና ፈርሞ መሄዱን ነገረቻት፤ እንደዋዛ፣ በሌላ ወሬ መሐል። «ደመወዙ ጥሩ ነው ይላሉ። ከኋላ ነው የሚያሠሩት፣ መኪና መጠገን ነው።» ሳይማ ስለ ድንቹ ጠየቀቻት። በስልክ ምን ይባላል?

ከዚያ አንድ እሑድ ሂልያ ራሷ ደወለች። እናታቸው ካረፈች ቀን ወዲህ ቀድማ ደውላ አታውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ የምትደውለው ሳይማ ናት።

«ስላቫ የለም» አለች ሂልያ።

«የት ሄደ?»

«የለም አልኩሽ፣ ሳይማ። አመጡት። ሣጥኑን አትክፈቱ አሉን።»

ሳይማ የኩሽናዋን ግድግዳ ይዛ ቁጭ አለች። ዓይኗ ላይ የመጣው ያ ውኃ ውስጥ እየጮኸ የሚዋኘው ልጅ ነው። ሐዘን ሰውን ደደብ ያደርጋል፤ መጀመሪያ አፏ ላይ የመጣውን አወጣችው።

«አንቺስ ዝም ብለሽ ለቀቅሽው? እንዴት አልከለከልሽውም?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቃሉ ገና አየር ላይ ሳለ ሳይማ ልትመልሰው ፈለገች። በወዲያኛው ጫፍ የሂልያ ትንፋሽ ይሰማታል። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ሳይማ መልሳ ደወለች። አልተነሣም። በማግሥቱም፣ በሳምንቱም። ፋሲካ አለፈ፣ የሂልያ ልደት አለፈ፣ በጋውም አለፈ፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም። በመጨረሻ ከሂልያ በር ፊት ለፊት የምትኖረውን፣ ከሳይማ ጋር አንድ ክፍል የተማረችውን ታማራን አግኝታ ጠየቀቻት።

«አለች» አለች ታማራ። «ስትደውዪ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ታየዋለች። እኔ ራሴ አይቻታለሁ። ጠርቶ ጠርቶ ሲቆም ትነሣና ሥራዋን ትቀጥላለች።»

«ታማለች?»

«ከስታለች። ሐኪም ቤት ሂጂ ስላት ‹ለምን?› ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት?»

ሳይማ ያን ጊዜ ነው ልሄድ ነው ያለችው። ሚኮ ሲሰማ አበደ።

«እማዬ፣ አንቺ ጤነኛ ነሽ? የድሮውን የሩሲያ ፓስፖርትሽን ይዘሽ ከገባሽ እኮ የእነሱ ሰው ነሽ። አንድ ነገር ቢያደርጉሽ ማን ደርሶ ያስለቅቅሻል? እኔ በአውቶቡሴ ልምጣ?»

«የሰባ ዓመት አሮጊት ይዘው ምን ያደርጋሉ? ወለል ያስጠርጉኛል? ለምጄዋለሁ።»

«ቀልድ አይደለም!»

«አልቀለድኩም፣ ሚኮ። እህቴ ናት።»

መንገዱ ሁለት ነበር። አንዱ በመርከብ ወደ ኢስቶኒያዋ ታሊን፣ ከታሊን በአውቶቡስ ናርቫ፣ ከዚያ ሻንጣ እየጎተቱ ወደ ሩሲያ የሚያሻግረውን ድልድይ በእግር ማቋረጥ ነው። የምታውቃት አንዲት ሴት በዚያ ሄዳ ከንጋት ጀምራ በዝናብ ተሰልፋ ስትጠብቅ ዋለች፤ ተራዋ ሳይደርስ በሩ ተዘጋባት። ሳይማ በቀዶ ጥገና የተቀየረ ጉልበት አላት፤ አይችልም። የቀረው በኢስታንቡል ዞሮ መሄድ ነው። አውሮፓን ከላይ እስከ ታች አቋርጦ ቱርክ መውረድ፣ ከዚያ ደግሞ ጦርነቱን በሩቁ እየሸሹ በካውካሰስ ተራሮች በኩል ዞሮ ወደ ሰሜን መመለስ።

በጥቅምት ተነሣች። ለጉልበት የሚቀባ መድኃኒት፣ የሱፍ ካልሲ፣ ሂልያ የምትወደውን ጥቁር የአጃ ዳቦና የቤሪ ማርማላታ ያዘች። አውሮፕላኑ ሲነሣ የሄልሲንኪን ማረፊያ በመስኮት አየች፤ የምታውቀው ሰው አልቀረም። ዩሌ እንኳ ጡረታ ወጥታ አገሯ ገብታለች። ፊቷ ባለው ማሳያ ላይ ትንሿ የአውሮፕላን ምስል ወደ ደቡብ ስትወርድ፣ ስትወርድ አየቻት። እህቷ ያለችው ከጀርባዋ ነው፤ በየደቂቃው እየራቀቻት ወደ እሷ ትሄዳለች። ሳይማ ማሳያውን አጠፋችው።

ኢስታንቡል ላይ ሌላውን አውሮፕላን የሚጠብቁት ግማሾቹ እንደሷ ያሉ ናቸው፤ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች፣ ፊንላንድኛም ሩሲያኛም የሚያወሩ። አንድ ራሰ በራ ሽማግሌ አጠገቧ ተቀምጦ የተቀቀለ እንቁላል ይልጣል።

«ከየት ነሽ?»

«ከቫንታ።»

«እኔ ከላፔንራንታ ነኝ። የድንበሩ አጥር ከመስኮቴ ይታየኛል። ወንድሜ ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ ቪቦርግ ነው ያለው፤ ድሮ በብስክሌት እሄድ ነበር።» እንቁላሉን ገመጠ። «አሁን ይኸው፣ ጎረቤቴን ጨው ልበደር ብዬ ቱርክ ደርሻለሁ።»

በዙሪያው ያሉት ሳቁ። ሳይማም ሳቀች። ሽማግሌው ራሱ ግን አልሳቀም፤ ወንድሙ መናገር የተሳነው ታማሚ መሆኑን ቀጥሎ ነገራት።

ፒተርስበርግ ስትደርስ ፓስፖርቷን የያዘው ወጣት መኮንን ወደ አንድ ክፍል አስገባትና ስልኳን ተቀብሎ አገላበጠው። ለምን እንደመጣች ጠየቃት። «እህቴን ላይ» አለች። በዚያ አንድ ቃል ላይ ተመላልሶ ጠየቃት፤ በዚያው አንድ ቃል መለሰችለት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስልኳን ወረወረላትና ሂጂ አላት። ከአውሮፕላን ማረፊያው በአውቶቡስ ጋችና ስትደርስ ከቤቷ ከወጣች ሁለተኛው ቀን ነበር፤ እግሯ አብጦ ከጫማው ሊወጣ ምንም አልቀረው።

የሂልያን በር አንኳኳች። በሩ ተከፈተ። ሂልያ ግማሽ ሆናለች፤ ቀሚሷ የሌላ ሰው ይመስላል። ሁለቱም ቆመው ተያዩ። ሳይማ እቅፍ ልታደርጋት እጇን ዘረጋች።

«ጫማሽን አውልቂ» አለች ሂልያ። «ወለሉ ተጠርጓል።»

ገብታ ተቀመጠች። ግድግዳው ላይ ስላቫ የወታደር ልብስ ለብሶ ይስቃል፤ ጥግ ላይ ጥቁር ጥብጣብ ታስሯል። ሂልያ ድንች ቀቀለች፤ ከጓዳ በጨው የተቀመጠ እንጉዳይ አወጣች፤ ሽንኩርት ከተፈችበት። ቀረበ፣ ተበላ። ሳይማ ስለ መንገዱ ታወራለች፤ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ እንቁላሉ። ሂልያ ትሰማለች፤ ሳህን ታነሣለች። በመጨረሻ ሶፋው ላይ አንሶላ አነጠፈችላትና መብራቱን አጠፋች። አንድም የፊንላንድኛ ቃል ከአፏ አልወጣም። በሩሲያኛ ብቻ፤ «ብዪ»፣ «ጨው እዚያ አለ»፣ «ትራሱ ይበቃሻል?»።

በማግሥቱ መቃብር ሄዱ። ከጥንቱ መቃብር ጎን አዲስ ረድፍ ተከፍቷል፤ አፈሩ ገና አልተደላደለም፤ በያንዳንዱ ራስጌ ባንዲራ በነፋስ ይማታል። ረድፉ ረጅም ነው። ሳይማ ቁጥሩን ማየት አልፈለገችምና እግሯን እያየች ሄደች። ስላቫ ጋ ስትደርስ አፈሩ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሂልያ አጠገቧ ቆማ ነበር። አላነሣቻትም፤ አላለቀሰችምም።

«እንዴት አልከለከልሽውም አልሽኝ» አለች ሂልያ፣ ወደ ባንዲራው እያየች።

«እትዬ፣ ሐዘን ነው እኮ። አፌን ቆርጠው ቢጥሉልኝ...»

«ልንገርሽ፤ ጠይቀሽኝ የለ? በሩን ቆልፌ ቁልፉን ዱቄት ማስቀመጫ ውስጥ ደበቅሁት። ጠዋት ሻንጣውን ይዞ መጣ። በሩን ሞከረው። ሳቀብኝ። ‹አያቴ፣ እኔ ውሻ ነኝ እንዴ የምትቆልፊብኝ?› አለኝ። ግንባሬን ሳመኝ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ፤ አልጮኸም፣ አልተቆጣም። እኔው ሄጄ፣ እጄን ዱቄት ውስጥ ከትቼ አወጣሁና ሰጠሁት። እጄ እስከ ክርኔ ነጭ ሆኖ ነበር። እንደዚህ ነው የከለከልኩት።»

ሳይማ ከአፈሩ ላይ የወደቀ ቅጠል ለቀመች።

«አንቺስ?» አለች ሂልያ። ድምፅዋ አሁንም አልጨመረም። «እሱ መጥቶ ልቅር ብሎሽ ነበር። ነግሮኛል። ተመልሶ ሲመጣ ‹አክስቴ ለከርሞ ብላኛለች› እያለ ያንን ቋንቋ ሲያጠና ክረምቱን ጨረሰው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ። እናቴ በሹክሹክታ ያስተማረችኝን እሱ ጮክ ብሎ ያነበው ነበር። ከርሞ አልመጣለትም።»

«ቤቱ ጠባብ ነበር፣ እትዬ። ሚኮ...»

«አውቃለሁ። ጠባብ ነበር።»

ነፋሱ ባንዲራዎቹን ያማታቸዋል። ሳይማ በጉልበቷ እንደተንበረከከች የእህቷን ኮት ጫፍ ያዘች።

«ይቅር በይኝ። ይህን ልልሽ ነው የመጣሁት። ዓለምን ዞሬ የመጣሁት ለዚህ ነው።»

«ይቅር ብልሽ ስላቫ ይነሣል?» ሂልያ ኮቷን ቀስ አድርጋ ከእጇ አወጣችው። «አልጠላሁሽም፣ ሳይማ። እኔ ራሴን ነው የጠላሁት። ግን ስልኩ በጠራ ቁጥር የምሰማው ያንን ቃልሽን ነው። ስለዚህ አትደውይልኝ። አትምጪ። እህቴ ነሽ፤ እዚያው ሁኚልኝ።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን አብረው ኖሩ። ሳይማ መስኮት ጠረገች፣ መጋረጃ አጠበች፣ ታማራን ጠርታ መድኃኒቱን እንዴት እንደምትቀባላት አሳየቻት። ሂልያ ሐኪም ቤት ሂጂ ስትባል በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ድንች እየላጡ ሳለ፣ ሂልያ ሳታስበው «ያንን ቢላ አቀብዪኝ» አለቻት፤ በፊንላንድኛ። ሁለቱም ደነገጡ። ሂልያ ፊቷን አዞረች።

በምትሄድበት ቀን ሂልያ ከጓዳ በብርጭቆ ማሰሮ ያለ እንጉዳይ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ውሰጂ» አለች፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም። እስከ አውቶቡሱ የሸኘቻት ታማራ ናት። ሳይማ ማሰሮውን በሻንጣ አልጨመረችውም። ከሃያ ዓመት በላይ አውሮፕላን ማረፊያ የሠራች ሴት ናት፤ እንዲህ ያለው ነገር በእጅ ተይዞ እንደማያልፍ ከማንም በላይ ታውቃለች። ግን ተሰብሮ ቢፈስስ ብላ ፈራችና በእቅፏ ያዘችው። ፈታሿ ወጣት ልጅ ነበረች።

«ፈሳሽ አለበት፣ እማማ። አያልፍም።»

«እንጉዳይ ነው እኮ፣ ልጄ። እህቴ ናት የሰጠችኝ።»

«አያለሁ። ግን አያልፍም።» ልጅቱን ቅር አላት፤ ከኋላ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። ማሰሮውን ተቀብላ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ቀስ ብላ፣ እንዳይሰበር አድርጋ አስቀመጠችው።

ሳይማ ቫንታ ተመለሰች። እንደተባለችው አልደወለችም። ስልኩን አንስታ የምታስቀምጥባቸው እሑዶች ነበሩ። ሚኮ «ደውዪላት እንጂ፣ ምን ትሆናለች?» ይላታል። «እዚያው ሁኚልኝ ብላኛለች» ትለዋለች። በሚያዝያ ታማራ ደወለች። ሂልያ አልጋዋ ላይ ሞታ ተገኝታለች። ሐኪሞቹ ሆዷ ውስጥ የቆየ ዕጢ ነው አሉ፤ ታማራ ግን «ዕጢም በይው፣ ሌላም በይው» አለች። ቀብሩ ከነገ ወዲያ ነበር።

ሚኮ ትኬት ሊፈልግ ተቀመጠ። ፈልጎ ፈልጎ ቀና አለ። በኢስታንቡል ያለው ሞልቷል፤ በሌላ አገር በኩል ቢዞሩም ቀብሩ አልፎ ነው የሚደረሰው። «እማዬ፣ አይደረስም» አላት። ሳይማ እናቷን ያጠበችበትን ኩሽና አሰበች። እህቷን ያጠበቻት ታማራ ናት። ሳይማ ያን ዕለት እስኪመሽ ድረስ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ከማረፊያው የሚነሡትን አውሮፕላኖች አየች። ሁሉም ይነሣሉ፣ ወደ ምዕራብ ይታጠፋሉ።

በኅዳር፣ በቅዱሳን ሁሉ ቀን፣ በፊንላንድ አብያተ ክርስቲያናት የዓመቱ ሙታን ስም ይጠራል፤ ለያንዳንዱ ሻማ ይበራል። ቀኑ ሲቃረብ የአጥቢያው ጸሐፊ፣ ደግ ልጅ ናት፣ በአረጋውያኑ ምሳ ላይ ሳይማ ጋ መጣች።

«የእርስዎን እህት ስም ጽፌያለሁ፤ ሂልያ። ውጭ አገር ብትሞትም ቄሱ ፈቅደዋል። የቆየም ቢሆን ሌላ የሚጠራልዎት ሰው አለ?»

ጠረጴዛው ላይ ከፊት ለፊቷ ላሪሳ ተቀምጣ ነበር። ላሪሳ ከዩክሬኗ ካርኪቭ ከሁለት ልጆቿ ጋር ሸሽታ የመጣች ሴት ናት፤ ቤቷ ተመቷል፣ ታናሽ ወንድሟም ከሩሲያ ጋር ሲዋጋ በግንባር ሞቷል። ሳይማን እንደ እናት ትወዳታለች፤ ሩሲያኛ የምታወራው ከሷ ጋር ብቻ ነው። ሾርባዋን እየበላች ቀና ብላ አየቻት።

ሳይማ አፏን ከፈተች። የስላቫ ስም ምላሷ ላይ ነበር።

«የለም» አለች።

በቀኑ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል። ስሞች ተጠሩ። ሂልያ ስትባል ሳይማ ተነሥታ ሄደች፤ ሻማውን ለኮሰች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ላሪሳ ከፊት ወንበር ዞራ እጇን ያዘችላት።

«አይዞሽ፣ እትዬ ሳይማ» አለቻት በሹክሹክታ። «ልጆች አሏት? ከኋላዋ የቀረ ሰው አለ?»

«የለም» አለች ሳይማ። «ማንም አልነበራትም።»